ዳር ላይ የተተከለው ጽጌረዳ

ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ያማርራል፤ እኔ ግን ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። ጉለሌ ውስጥ አንዲት ባልቴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ሳማ የወረሳት ቁራጭ መሬት እንዳለማ ፈቅደውልኝ ነበር። ሳማውን ነቀልኩ፤ ድንጋዩን ለቀምኩ። ወደ ሸጎሌ ገበያ የሚነዱ ከብቶች መንገድ ላይ የጣሉትን ፍግ በአሮጌ ቅርጫት እየሰበሰብኩ አፈሯን አለበስኳት። ባሌ "የተማረች ሚስት አገባሁ ብዬ ፍግ ለቃሚ አገባሁ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ! ጉሙ ከእንጦጦ ሳይነሳ ወጥቼ፣ ድንቹ ምን ያህል እንዳደገ፣ ጎመኑን ቀንድ አውጣ እንዳልበላው ሳላይ ቁርስ አይወርድልኝም። ዝናቡ በበረታ ቁጥር መስከረም ቀረበ እያልኩ ቀን እቆጥር ነበር።

ባልቴቷ ሲፈቅዱልኝ አንድ ነገር አስጠንቅቀውኛል። "የሚበላውን ትከይ፣ ልጄ። የሚያረጀውን ግን እንዳትተክይብኝ።" የሚያረጀው ያሉት ዛፉን፣ ጌሾውን፣ ቋሚ ተክሉን ሁሉ ነው። ምክንያት ነበራቸው። ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ ዛፉ ሲያድግ መሬቱ የኔ ነው ብሎ ምስክር ቆጠረ፤ የግቢያቸውን እኩሌታም ተሟግቶ ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ችግኝ ይዞ ካዩ ደማቸው ይፈላል።

በዚያው ግቢ ባሏ የሞተባት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት፤ አበልጄ ናት። ምስጢሬን ከባሌ በፊት የምትሰማው እሷ ነበረች። ፈረንጅ ቤት ልብስ ታጥብ ነበርና፣ በሰኔ አንድ ቀን ከዚያ ቤት ሥር የያዙ የጽጌረዳ ችግኞች በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

"ዳር ዳሩን ትከይው፤ ጎመንሽን ከዶሮ ያጥርልሻል" አለችኝ።

"እማማ የሚያረጅ አትትከይ ብለውኛል እኮ።"

"ኧረ በቃ! አበባ ደግሞ ምን ያረጃል? መስከረም ሲጠባ ይፈነዳል፣ ይረግፋል፣ አለቀ።"

እውነቱን ለመናገር ልቤ ቀድሞ ሸፍቶ ነበር። እሷ ቆፈረች፣ እኔ ተከልኩ፤ በአንድ መስመር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። በዚያ ዘመን ዳር ላይ በመስመር የተተከለ ነገር፣ አበባም ይሁን እሾህ፣ ድንበር ነበር። ይህን የአገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ጽጌረዳ ይከሰሳል ብዬ አላሰብኩም።

በነሐሴ መጨረሻ እንቡጥ ያዙ። የአንዱ ጫፍ ቀላ ብሎ ሳየው እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ጳጉሜ እንደገባች ባልቴቷ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው ጓሮዬ ድረስ መጡ።

"ድንበር አበጀሽብኝ?" አሉኝ፣ መስመሩን በጣታቸው እያሳዩ።

ብዙም አልደነገጥኩም፤ ምስክር አለኝ። "በማርያም እማማ፣ ለዶሮ ብዬ ነው! አበልጄ ታውቃለች፤ አብረን ነው የተከልነው፤ እሷን ይጠይቋት" አልኩ።

ተጠራች። የሳሙና አረፋ ያለበትን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። እኔን አላየችም። "እኔ የለሁበትም" አለች። "እንዲያውም ተይ፣ እማማ ይቆጣሉ ብያት ነበር። አልሰማ አለችኝ።"

ክው አልኩ። ዝምታዬም እንደ ማመን ተቆጠረብኝ። ሽማግሎቹ ጽጌረዳው ዛሬውኑ እንዲነቀል፣ እኛም እስከ መስቀል ቤቱን እንድንለቅ ፈረዱ።

ከሰዓት በኋላ ስነቅል አበልጄ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ማንም ሳይጠራት አፈሩን ከሥሩ ታላቅቅልኝ ጀመር።

"ለምን?" አልኳት።

"አንቺ ባል አለሽ። ሌላ ቤት አታጡም" አለች ቀና ሳትል። "እኔ ከነልጆቼ ከዚህ ብባረር ማን ያስገባኛል? አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።"

"ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ እኮ፣ ብቻዬን ነው የተከልኩት እል ነበር።"

እጇ አፈሩ ላይ ቆመ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው፦ ልዋሽላት ዝግጁ ነበርኩ፤ እሷ ግን ያን ያህል አላመነችኝም። እንቡጡ ሁሉ እጄ ላይ ረገፈ።

ባሌ ማታ ሲሰማ "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። እኔ አላለፍኩትም። እንዳለችውም ቤት አላጣንም፤ በሦስተኛው ቀን ሽሮ ሜዳ አካባቢ አግኝተን ገባን። ለእንቁጣጣሽ ልጄ ለክርስትና እናቴ አበባ ልውሰድ ብላ ስታለቅስ "ቤቷ የለችም" ብዬ ዋሸኋት። የዚያን ዓመት መስከረም አደይ ሜዳውን ሞልቶት ነበር ይላሉ፤ ያየሁ አይመስለኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ወለድኩ። አርባ ቀኑ ሲቃረብ ባሌ ክርስትና የሚያነሳው ማን ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። ጎረቤቶቻችንን፣ ዘመዶቻችንን፣ የሥራ ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ጠራልኝ።

"የማናውቀው ሰው ፈልግ" አልኩት።