ከበሩ በላይ የቀረች ቃል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አጥሩን ኖራ ሲያስቀባ ሽታው በመስኮቴ ገባ። ለሌላ ሰው የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። እኔን ግን ኮምቦልቻ ወሰደኝ። ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነበር፤ በፊደል ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ፣ በጠባብ የኪራይ ክፍሏ ለፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች ትኖር ነበር። ከባሏ ከተፋታች በኋላ ገራዶ ወንድሟ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጣ፣ የወንድሟን ሚስት ግልምጫ ጠግባ ነው ወደ ኮምቦልቻ የወረደችው። «ወላሂ፣ ከዚያ ቤት ዳግም እንጀራ አልቆርስም» ብላ ምላለች። ቀበሌው ባዶውን የቀረ አሮጌ አዳራሽ ለምግብ ቤት ሲሰጣት አንድ ቃል አስገብቷት ነበር፤ እስከ መስከረም መግቢያ ካልከፈተች ቤቱን ትለቃለች። ቤቱን ከለቀቀች ደግሞ መንገዷ ወደ ገራዶ መሆኑን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል።

ትምህርት ሲዘጋ እናቴ እንዳግዛት ከደሴ ላከችኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ጭኔ ላይ አድርጌ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በመኪና ወረድኩ። ቆርቆሮው ደሴ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው፤ «ዘይነባ ምግብ ቤት» ይላል። በየመታጠፊያው ሆዴ ሲገለባበጥ የተጠቀለለበት ጋዜጣ በጣም ጠቀመኝ፤ እንዴት እንደጠቀመኝ ለአክስቴ አልነገርኳትም።

አዳራሹ ጣሪያው ወንፊት፣ ወለሉ የፍየል ማደሪያ ሆኖ ነበር። ፍየሎቹን ስናስወጣቸው እንደ ባለቤት ገላመጡን። ግድግዳውን የሚለስነው አያ ይመር የሚባል ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ግን በጣም ፈሪ ሰው ነው። ጭቃና ጭድ አቡክቶ ሲያበቃ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ በእግሬ እረግጥለታለሁ። ቤቱ ቀስ በቀስ ቤት መምሰል ጀመረ፤ ችግር የመጣው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ስንደርስ ነው።

እዚያ ላይ ድሮ የተጻፈ መፈክር ነበር። ከጣሪያው የወረደው ውሃ የመጀመሪያዎቹን ቃላት አጥቦ ስለወሰዳቸው፣ ማን እንዲወድም እንደተፈለገ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ከበሩ በላይ አንዲት ቀይ ቃል ብቻ ቀርታለች፤ «ይውደም!»

«አያ ይመር፣ ምረጋት እንጂ!» አለች አክስቴ።

«እኔ? አብዮቱን በጭቃ መረገ ልባል? የአራት ልጆች አባት ነኝ እኮ፣ እቴ ዘይነባ!»

«አብዮቱማ ታጥቦ ሄዷል። የቀረችው አንድ ቃል ናት።»

«እኔስ እሷኑ አይደል የምፈራው!»

ዙሪያዋን ለስኖ፣ ዙሪያዋን ኖራ ቀብቶ እሷን ተዋት። በነጩ መካከል ከድሮዋ ይልቅ ደምቃ ታየች። ቆርቆሮውን ለመስቀል ሚስማር የሚይዝ እንጨት የተገኘው ደግሞ ልክ ከእሷ በላይ ነው። ሰቅለን ወደ መንገዱ አፈግፍገን አየነው። አክስቴ ማንበብ ስለማትችል ስሟን እያየች ፈገግ ብላ ቆማለች። እኔ የተማርኩት ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ዘይነባ ምግብ ቤት ይውደም!»

ፈገግታዋ እዚያው ደረቀ። ከፋብሪካ የሚመለስ አንድ ሠራተኛ ቆም አለና «ምነው እቴ ዘይነባ፣ ሳትከፍቺው ታወድሚዋለሽ እንዴ?» ብሎ አለፈ።

በማግሥቱ አያ ይመር ለዙሁር ሶላት ሲሄድ፣ አክስቴም ድስት ልትገዛ ስትወጣ፣ እኔ በርጩማ ላይ ወጣሁ። መላው ቀላል ነበር። የ«ው»ን ቅጥያ በኖራ አጠፋሁና «ወ» አደረግኳት። «ም»ን ከሥሯ አጥፍቼ፣ ከበሩ ቀለም በተረፈው ቀይ «ድ» ጻፍኩባት። ቃሏ «ይወደድ!» ሆነች። አያ ይመር ተመልሶ ሳነብለት «ማሻ አላህ! ይቺ ልጅ ሚኒስትር ትሆናለች» አለ። አክስቴም ሁለት ብስኩት ሰጠችኝ። ያን ቀን ከእኔ በላይ የኮራ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ አልነበረም።

ቀጣዩ ቀን ገበያ ነበር። ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሁለት ሴቶች በራችን ላይ ቆሙ፤ አንደኛዋ ፊደል እየቆጠረች አነበበች።

«ዘይነባ... ምግብ ቤት... ይወደድ? እሰይ! ስኳሩ ተወደደ፣ ዘይቱ ተወደደ፤ አሁን ደግሞ ምሳውም ይወደድ ብላ በቀይ ጻፈች!»

«እሷስ በግልጽ ጻፈችው» አለች ሁለተኛዋ። «ሌላው ነጋዴ በሆዱ አይደል ዱዓ የሚያደርገው!»

እነሱ ስቀው ሄዱ፤ ወሬው ግን ከእነሱ ፈጥኖ ሄደ። ያኔ ዋጋ ማስወደድ ቀልድ አልነበረም፤ ቤት ያሳሽጋል፣ ሰው ያሳስራል። እኩለ ቀን ሳይሞላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ከኋላው የሰፈሩ ሰው ተከተለ። እኔ ከኖራው በርሜል ጀርባ ገባሁ።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?»

አያ ይመር የራሱን እግር አዲስ ነገር እንዳየ ሰው ይመለከት ጀመር። እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ይበልጥ ዝቅ አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች አክስቴ።

«አንቺ? ከመሠረተ ትምህርት ቀረች ተብሎ ስምሽ ስንት ጊዜ ተነበበ?»

«ስሜ ሲነበብ አፈርኩና ተማርኩ።»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ብሩሹን ከመሬት አንስቶ ሰጣት፤ «እንግዲያው ወጥተሽ ጻፊ፤ እንይሽ» አላት።

አክስቴ እርሳስ ይዛ አታውቅም። ብሩሹን ተቀበለች፤ ቀዩን ቀለም ትታ የኖራው ባልዲ ውስጥ ነከረችው። በርጩማው ላይ ወጣች። እጇ «ይ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ገራዶ ታየኝ፤ የወንድሟ ሚስት በር ላይ ቆማ ስትጠብቃት ታየኝ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ሳበችው፤ ደገመችው። ቃሏ የለችም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ግለ ሂስ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የማጠፋውም እኔ ነኝ።»

ከጥበቃዎቹ አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲሞክር አነቀው። ሊቀመንበሩ በየስብሰባው «ግለ ሂስ አድርጉ» እያለ ሰፈሩን የሚጨቀጭቅ ሰው ነው። ግድግዳውን አየ፤ ነጭ ነው። ቆርቆሮውን አየ፤ ስም ብቻ ነው። «ከእንግዲህ ከመሠረተ ትምህርት ብትቀሪ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገ። «ምሳ መቼ ነው የሚጀመረው?»

መስከረም ሳይጠባ ተጀመረ። ስትቆጣኝ እጠብቅ ነበር፤ አልተቆጣችም። ወደ ደሴ ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ከወጥ ቤቱ ከሰል አምጥታ እጄ ላይ አኖረችና «ፊደሉን አስተምሪኝ፤ ሌላ ጊዜ ስዋሽ እንዲያምርብኝ» አለችኝ። «ሀ» ብለን የጀመርነው የጓሮው ግድግዳ ላይ ነው።

አክስቴ ገራዶ የሄደችው ከዚያ በኋላ በእንግድነት ብቻ ነው፤ አላህ ይዘንላትና። አዳራሹ በቆመበት ላይ ዛሬ ባለመስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ጽሑፉም ይበራል ይጠፋል፤ ማንም ቆሞ አያነበውም። እኔም ያኔ እሷ ከነበረችበት ዕድሜ እጥፉን አልፌያለሁ። ቤቴ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ከአፌ ቀድሞ የሚወጣው «ማን ነው?» ነው። የልጅ ልጆቼ ወዲያው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በዓይናቸው ብቻ አጥፊውን አውቀዋለሁ። እሷ ያን ቀን ወደ በርሜሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችም። በልጅነቴ የረሳችኝ መስሎኝ ነበር። ብታየኝ ኖሮ ሊቀመንበሩም ያየኝ ነበር።