ወተቱ ሳንባ ውስጥ አይገባም

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ አጎቴ ዘንድ እውላለሁ። አጎቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ መፍጫ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ባለፈው ዓመት ግን ከበሩ እስከ መደቡ እንኳ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር።

ማስክ ያደርጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አያስፈልገኝም አሉ። በየፈረቃው መጨረሻ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣል፤ ወተቱ ደግሞ አቧራውን አጥቦ ያወርደዋል። ይህን የሚያምኑት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ቀለም ቀቢውም፣ በያጁም፣ ወፍጮ ቤት የሚውለውም ያምነዋል።

እኔ ደግሞ ሳላስረዳ አይሆንልኝም። ወረቀት አውጥቼ ሁለት ቱቦ ሣልኩ፤ አንዱ የምግብ፣ አንዱ የአየር። ወተቱ በምግቡ ቱቦ ጨጓራ ይገባል፤ አቧራው ያለው ሌላ ቤት ነው። ትልልቁን ብናኝ አፍንጫና አክታ ይይዙታል። ደቃቁ ግን ሳንባ መጨረሻ ላይ እስካሉት ትናንሽ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ ጠባቂ ሴሎች አሉ፤ ሥራቸው ባዕድ ነገር ሲገባ ውጦ ማፍረስ ነው። ተህዋስ ከሆነ ይፈርስላቸዋል፤ የድንጋይ ብናኝ ግን አይፈርስም። የዋጠው ሴል ይሞታል፣ ብናኙ ይወጣል፣ ሌላ ሴል ይውጠዋል፣ እሱም ይሞታል። ሲሞቱ የሚለቁት ነገር ሳንባውን ያቆስላል፤ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል። በሕይወት የተረፉትም በብናኝ ስለሚጠመዱ የሳንባ ነቀርሳ ሲመጣ በደንብ አይመክቱም።

አጎቴ ሥዕሉን ትክ ብለው ካዩት በኋላ፣ "እና እኒያ ሴሎች ወተት አይወዱም?" አሉኝ። ሚስታቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በሳምንቱ መፍጫው ድረስ ሄጄ የፈረቃውን ኃላፊ አነጋገርኩ። ተማሪዎቼ እንኳ እንደሱ በጥሞና አያዳምጡኝም። ወተቱ ለሳንባ እንደማይጠቅም፣ የሚጠቅመው ድንጋዩ ሲፈጭ ውሃ ማርከፍከፍና ጥሩ ማስክ ማደል እንደሆነ በቅደም ተከተል አስረዳሁት። ሥዕሉን ለአለቆቹ ላሳያቸው ብሎ ሲወስድብኝ ደስ አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወተቱ ቀረ። ውሃውም ማስኩም አልመጣም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወተት ለሳንባ ጥቅም እንደሌለው በባለሙያ ስለተረጋገጠ መታደሉ መቆሙን የሚገልጽ ወረቀት ተለጠፈ። ባለሙያዋ እኔ መሆኔ ነው።

አጎቴ አልተቆጡኝም። "ወላሂ፣ ያልሽው ልክ ነው የኔ ልጅ" አሉ። "ግን ሰዉ 'ያቺ ወተት ያስቀረችብን መምህርት የእህትህ ልጅ ናት አሉ' እያለ መቀመጫ አሳጣኝ።"

ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ካለ ሱቅ ማስክ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ሲያደርጉት ማስክ የሌላቸው ባልደረቦቻቸው ሲያዩአቸው ያፍሩና አገጫቸው ላይ ያወርዱታል። ደሴ ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሙ ጠባሳው እንደማይጠፋ፣ ከአቧራው ካልወጡ ግን እንደሚሰፋ ነገራቸው። በዚህ ዕድሜዬ ማን ሌላ ሥራ ይሰጠኛል ብለው በማግስቱ ተመልሰው ገቡ።

የቀረኝ ዘዴ ሠራተኞቹ ፈርመው ለአለቆቹ የሚያስገቡት ማመልከቻ ነበር። ስለ ሴሎቹ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። የሚፈርም ጠፋ። አንድ በያጅ ወረቀቱን መለሰልኝና፣ "እህቴ፣ ወተቱን አንደኛ ላይ ካላሰፈርሽው ማንም አይፈርምልሽም" አለኝ። ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። በመጨረሻ ስለ ሴሎቹ የጻፍኩትን ሁሉ አውጥቼ ሦስት መስመር አስቀረሁ፦ ወተታችን ይመለስ፤ ውሃ ይርከፍከፍ፤ ማስክ ይታደለን።

በዚያው ቀን ሁሉም ፈረሙ። አጎቴ ከመፍጫው እስከ አለቆቹ ቢሮ ወረቀቱን ይዘው ለመድረስ መንገድ ላይ ሁለቴ ቆመው አረፉ። መልሱን እስከዛሬ እየጠበቅን ነው።