ነጫጭ ቢራቢሮዎች በማንኩሳ መንገድ

የአባቴ የቀኝ ዓይን ሞራ የተገፈፈው ሚያዝያ ሲያልቅ ነው። ፋሻው ሲነሣ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ብዙ አዩኝና፣ "ልጄ፣ ሸብተሻል እኮ" አሉኝ። አነጋገራቸው ሐዘን አልነበረበትም። ተኝቶ ሲነቃ ቀኑ መምሸቱን ያየ ሰው አነጋገር ነበር።

"ከሸበትሁ ቆየሁ እኮ አባባ" አልኋቸው።

አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጭነት መኪና ላይ ነው። ከቡሬ እህል ጭነው በነቀምት መንገድ ይወርዱ፣ ከዚያ ቡና ጭነው ይወጡ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ተዉት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታቸው ከታናሽ እኅቴ ጋር ይኖራሉ። እኔ ቡሬ ሒሳብ አስተምራለሁ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ በጧት ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ።

ሐኪሙ ከጭስና ከአቧራ እንዲርቁ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሡ፣ እንዳያጎነብሱም አዟቸው ነበር። የተፈቀደላቸው ቀስ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። እናም ግንቦት ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ሲያስተኛው፣ ጥቁር መነጽራቸውን አደረጉ፤ እኔም ክንዳቸውን ይዤ ወደ ላህ ወንዝ መውረድ ጀመርን።

ያ ሰሞን አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ከውኃ ሥር ሆኜ ያየሁት ይመስለኛል። ጉሙ ከወንዙ ላይ ቶሎ አይነሣም። የታረሰው መሬት ይተነፍሳል። ማሳው ጠርዝ ላይ የቆሙት በሬዎች እግራቸው አይታይም፣ ጀርባቸው ብቻ በጉሙ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። አባቴ በየጥቂቱ ይቆማሉ። የብሳና ቅጠል ሲያረጅ ብርቱካንማ እንደሚሆን፣ የዋርካው ሥር እንደ ሰው ጉልበት እንደሚታጠፍ፣ እኔ በዓለም አይቼው የማላውቅ ይመስል ያሳዩኛል። እውነትም አይቼው አላውቅም ነበር።

ከብቶች ወርደው ውኃ የሚጠጡበት ጭቃ ዳር ስንደርስ ከርጥቡ መሬት ላይ አንድ ነገር ሲከፈትና ሲዘጋ አየን። ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ጭቃው ራሱ የዓይኑን ሽፋን የሚያርገበግብ ይመስል ነበር።

"ምንድናቸው?" አሉ አባቴ።

"ቢራቢሮ ናቸው አባባ።"

"በሕይወት ያሉ?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጭቃው ሳይነቅሉ ነገሩኝ። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ሙቀቱ ሲጀምር፣ ቢራቢሮ እንደተበተነ ጭድ የመኪናውን መስታወት ይመታው ነበር። ለምሳ ሲቆሙ በርጥብ ጋዜጣ ይጠርጉታል። የክንፉ ዱቄት መስታወቱ ላይ ይቀባል እንጂ ቶሎ አይለቅም።

"ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ አንድ ቢራቢሮ ቁጭ ብሎ አይቼ አላውቅም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ምኑን ነው የሚጠጡት?" ብለው ጠየቁኝ።

"ከጭቃው ጨው ይፈልጋሉ ይባላል።"

"እንደ ከብቱ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ልክ ሆኖ ታይቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ስንወጣ የምንወጣው ለቢራቢሮ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስማቸውን በስልኬ ለመፈለግ ሞከርሁ። ኢንተርኔት የለም። በእነዚህ ዓመታት የለመድነው መጥፋቱን ነውና ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

"ግድ የለም፣ እኛው እናወጣላቸዋለን" አሉ አባቴ።

የሚያወጡት ስም ሁሉ ከመኪና ሆነ። ትንሿ ሰማያዊ፣ ከሣር ሣር እየተሽሎከለከች የምትሄደው፣ ባጃጅ ተባለች። ብርቱካንማው፣ ክንፉን በመጠምዘዣ ላይ እንዳለ መኪና መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርገው፣ ፍሬቻ። አንድ ቀን ደግሞ ከወንዙ ዳር ካለው የዶቅማ ዛፍ ሥር አንድ ትልቅ ወጣ፤ ፈዛዛ ቢጫ ከጥቁር ጋር፣ ከኋላው ሁለት ጅራት ያለው። አባቴ ክንዴን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ።

"ተሳቢ ነው" አሉ። "አየሽው? ከኋላው እየጎተተ ነው የሚሄድ። እንዲህ ያለው ዞሮ ለመመለስ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።"

እውነትም ሰፊ አድርጎ ዞረ። በጥላው ውስጥ ሁለት ጊዜ ከራሳችን በላይ አለፈ፣ ከዚያም ቅጠሉ መሐል ገብቶ ቅጠል ሆነ። አባቴ እስኪመለስ እንጠብቀው አሉኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አልተመለሰም። እኛም ስንጠብቀው ብዙ ቆየን፤ ምን እንዳወራን አላስታውስም።

ከእሑዶቹ በአንዱ፣ ዝናብ አድሮ፣ ጧት በረንዳው ላይ ብንወጣ ከአምፖሉ ሥር ግድግዳው በእሳት ራት ተሸፍኖ አገኘነው። አመድማ፣ ቡናማ፣ አንዳንዱ የስንዴ ገለባ የሚያህል። ከሁሉ መሐል አንዲት መዳፍ የምታህል ነበረች፤ በክንፎቿ ላይ ሁለት ክብ ዓይን የመሰለ ሥዕል አለባት። እኅቴ መጥረጊያ ይዛ መጣች።

"ተያት፣ ትረፍ" አሉ አባቴ።

"የእሳት ራት ናት እኮ አባባ።"

"እሳቱ ጦሙን አድሯላ" አሉ።

እኅቴ ሳቀችና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባች። አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ያልታከመውን ግራ ዓይናቸውን በእጃቸው ከድነው፣ አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ እስኪል ቀረቡ። እሷም አልተንቀሳቀሰችም። እንደዚያ ሆነው ሲተያዩ እኔ ጧቱ እንዳያልፍ ፈለግሁ።

ሰኔ ሲገባ መንገዱ ተዘጋ። ሚኒባስ ቀረ፣ ስልክም አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም። ሁለት ቅዳሜ ቡሬ ቀረሁ። ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው ተማሪዎቹ ድምፄን አይሰሙም ነበርና፣ ቾክ ይዤ ቆሜ ጉሙን አይ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ሄድሁ።

አባቴ ግቢ ውስጥ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። "እንውረድ ወደ ወንዙ?" ብላቸው "ዛሬ ይቅርብን" አሉኝ። በማግስቱም እንደዚያው። እኅቴ ቅዳሴ እስክትሄድ ጠብቀው ጠሩኝ።

"ዓይኔ ሳይበላሽ አልቀረም" አሉ።

"ምን ሆኑ?"

"ነጭ ነገር ሽው ይልብኛል። ከአጥሩ ወዲያ ይመጣና በዓይኔ ጥግ ያልፋል። ልየው ብዬ ስዞር የለም። ሰሞኑን እንዲያ ነው።"

"አሁንም አለ?"

"አሁን የለም። የሚብስብኝ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ለእኅትሽ አልነገርኋትም፤ ስንት ደክማበታለች።"

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ከትናንት ጀምሮ ደመና ነው። እጄን ፊታቸው ላይ አወዛወዝሁ፣ ጣቴን አስቆጠርኋቸው፣ ሁሉንም በትክክል ተናገሩ። ያም ሆኖ ፈራሁ። ከሕክምና በኋላ ዓይናቸው ፈጽሞ የጠፋባቸው ሰዎች ወሬ ሰምቼ ነበር። ለእሳቸው ግን፣ "ለሐኪሙ ነገ እናሳየዋለን፣ ቀላል ነገር ነው" አልኋቸው። እሳቸውም "ቀላል ነው" አሉ። ሁለታችንም እንዳላመንነው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሐኪሙ ያለው ቡሬ ነው። ሰኞ ጧት ሚኒባስ ያዝን። አባቴን ከሹፌሩ ኋላ መስኮቱ ጥግ አስቀመጥኋቸውና እኔ አጠገባቸው ሆንሁ። ከኋላችን ጋቢ የለበሱ አንድ ገበሬ ነበሩ። ማንም ብዙ አያወራም። በሁለቱም ወገን በቆሎው ገና ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነው።

ማንኩሳን እንዳለፍን ደመናው ተገለጠ፣ ፀሐይዋ በአንድ ጊዜ መሬቱን ሞላችው። አባቴ እጄን ያዙኝ።

"ይኸው መጣ" አሉ በቀስታ። "ያው ነጩ። ዛሬስ በዛ።"

እኔ ሞኟ ዓይናቸውን አየሁ። ጎንበስ ብዬ ከመነጽራቸው ሥር፣ በብሌናቸው ላይ አንድ ነገር የሚንሳፈፍ ይመስል ፈለግሁ። እንደዚያ ሳለሁ ነው ሹፌሩ፣ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ሲል የሰማሁት።

ቀና አልሁ። መንገዱ ነጭ ሆኖ ነበር። ከግራ ማሳ እየተነሡ፣ በመንገዱ ላይ እያለፉ፣ ወደ ቀኙ ማሳ የሚገቡ ነጫጭ ቢራቢሮዎች። አንዳቸውም ወደ ኋላ አይመለሱም። ከፍ ብለው የሚሄዱት በፀሐይዋ ውስጥ ይጠፋሉ፣ ዝቅ ብለው የሚሄዱት የመኪናውን አፍንጫ ይታከካሉ።

"ማርሽ ቀንስ፣ ወንድሜ" አሉ አባቴ ለሹፌሩ። ድምፃቸው የድሮው ድምፅ ነበር። "ሦስተኛ አይሆንህም፣ ወደ ሁለተኛ አውርደው። ጥሩምባ አትንካ።"

ሹፌሩ በመስታወት አያቸውና አወረደ። ከዚያም ጨርሶ ዳር ይዞ አቆመ።

"አንበጣ ነው እንዴ?" አሉ ከኋላችን ያሉት ገበሬ። ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። ማሳቸው እዚያው አቅራቢያ መሆኑን ኋላ ነገሩን።

"አንበጣስ አይደለም" አሉ አባቴ። "ቢራቢሮ ነው።"

"እህል ይበላል?"

"የሚበላ አይመስለኝም። መንገደኛ ነው፣ ያልፋል።"

ገበሬው "ተመስገን" ብለው ተቀመጡ፣ ከዚያ ደግሞ ተነሥተው ከእኛ ጋር ወረዱ። መንገዱ ዳር አንድ እሾሃማ የጉመሮ ቁጥቋጦ ነበር፤ እንደ ነጭ አበባ ለብሷቸው ነበር፣ አበባውም ይነሣል፣ ይሰፍራል። ሞተሩ ጠፍቷል። ያን ያህል ክንፍ ሲያልፍ ምንም ድምፅ የለውም። በትከሻችን፣ በጆሯችን አጠገብ፣ በእጃችን መሐል ያልፋሉ። አንዱ በገበሬው ጋቢ ላይ አርፎ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ።

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንቺም ታያለሽ?" አሉኝ።

"አያለሁ አባባ።"

"ይህን ሁሉ?"

"ሁሉንም።"

አባቴ ፊታቸውን ቀና አድርገው ቆሙ። እንባቸው ወረደ፤ ሐኪሙ ዓይንዎን አይሹት ብሏቸው ነበርና ሳይጠርጉት ተዉት። በነጠላዬ ጫፍ ጉንጫቸውን ብቻ አበስሁላቸው። ሹፌሩ ተሳፋሪው እንዲገባ እንኳ ሳይጣራ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እንደ እኛው ቆሞ ያይ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ቢራቢሮዎቹ ሲሳሱ ተሳፈርን።

ሐኪሙ በመብራት አይቶ፣ "ዓይንዎ ደህና ነው አባት። ምን አስቸገረዎት?" አላቸው።

አባቴ ወደ እኔ አዩና፣ "እንግዳ መጥቶብኝ ነበር" አሉት። እኔ ነገሩን ዘርዝሬ ስነግረው ሳቀ። እሱም ሰሞኑን በመስኮቱ ሲያልፉ አይቷቸው ኖሯል። ግራ ዓይናቸውን ክረምቱ ሲወጣ እንገፍፈዋለን ብሎ ቀጠሮ ሰጠን።

እኔ የዚያን ዕለት ማስተማር ነበረብኝ፤ ግን አስፈቅጄ እስከ ፍኖተ ሰላም ልሸኛቸው ተነሣሁ። ስንመለስ ዝናብ መጣ። የሚኒባሱ መስታወት በእስትንፋስ ተሸፍኖ ውጭው አይታይም፤ አረንጓዴ ብቻ፣ አንዳንዴም የሰው ጃንጥላ ጥላ። አባቴ ስለ ነቀምት መንገድ አንድ ነገር ጀመሩልኝ፣ ስለ አንድ ድልድይና ስለ አንዲት ምግብ ቤት ባለቤት፣ ሳይጨርሱትም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከባድ ነበር፣ ሞቃት ነበር፣ ኮታቸው ዝናብ ዝናብ ይሸታል። እንዳይነቁ እስክንደርስ ድረስ አልተንቀሳቀስሁም።