አባቴ ቪቶ ያደረገው ቀብር

የእንጨቱን የስጋ መዶሻ ያገኘሁት ባለፈው ሳምንት የወላጆቼን ቤት ዕቃ ሳወጣ ከኩሽናው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። አሸተትኩት። ስንት ዓመት ተቀምጦ ዛሬም በርበሬና ዘይት ይሸታል። አንደኛው ፊቱ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ሌላኛው ለስላሳ ነው። አባቴ ጠረጴዛ የሚመታው በለስላሳው ነበር። ልጄ በሩ ላይ ቆማ በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የፕሬዚዳንት መዶሻ ነው አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

በዘጠናዎቹ ነው የምላችሁ። በስደት፣ ማሪቢርኖንግ የሚባል ሰፈር ነበርን፤ ትራሙ በደጃችን ባለፈ ቁጥር የሳሎኑ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። በሱዳን በኩል የመጣን አበሾች ያኔ ጥቂት ነበርን፣ ሰው ቢሞትብን ማን እንደሚቀብር እንኳ አናውቅም። ስለዚህ እድር ተቋቋመ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፉትስክሬይ በሚባለው ጎረቤት ሰፈር ከአንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ አዳራሽ እንሰበሰብ ነበር። አዳራሹ የጋዝ ማሞቂያና የረጠበ ካፖርት ይሸታል።

እድር ማለት መቼም ዳኛና ጸሐፊ ነው፣ አለቀ። አባቴ ግን አዲስ አበባ ታሪክ አስተማሪ ነበረና የአሜሪካ አስተዳደር ነገር በልቡ ገብቶ ቀርቷል። እዚህ ካርቶን ፋብሪካ እየሠራ እንኳ አልወጣለትም። የእድሩን ደንብ አርቅቅ ሲሉት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዳኛውን ፕሬዚዳንት አለው። ለፕሬዚዳንቱም ቪቶ፣ አባላቱ የወሰኑትን ብቻውን የመሻር ሥልጣን፣ ሰጠው፤ ቪቶውም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሻራል ብሎ ጻፈ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ድምፅ ይስጥ አለ። ሰዎቹ እየሳቁ አጸደቁለትና ራሱን መረጡት። መዶሻ ሲጠፋ የእማዬን የስጋ መዶሻ ይዞ መጣ፤ እኛም ጥብሱን በጠርሙስ ቂጥ መቀጥቀጥ ጀመርን።

ማታ ማታ ራት ላይ እኔን ያስተምረኝ ነበር። "ሥልጣንና ግዴታን አታምታቺ" ይለኛል፣ ሹካውን ይዞ። ፕሬዚዳንቱ ቢፈልግ የሚያደርገው ሥልጣን ነው፤ ሕግ ይመልሳል፣ ጦሩን ያዛል፣ ይቅርታ ያደርጋል። ባይፈልግም የሚያደርገው ደግሞ ግዴታ ነው፤ ቃለ መሐላ ገብቷል፣ ሕጉ በታማኝነት መፈጸሙን ያያል፣ ወደደም ጠላም። ከሁሉ ይቅርታው ይገርመው ነበር። ምክር ቤቱ አይሽርበትም፣ ማንም አድርግ ብሎ አያዝዘውም፣ የራሱና የራሱ ብቻ ነው ይላል። እኔ መኮሮኒዬን እየበላሁ እሰማለሁ። የምሰማው አይመስለውም ነበር እንጂ አንዷም ቃል አላመለጠችኝም።

ዐሥራ ስምንት ሞልቶኝ አባል በሆንኩበት ክረምት አንድ ሰው ሞተ። ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። በሥራ ላይ ሳለ ልቡ ቀጥ አለች። ሚስትየው ዘመድ የላት፣ ቋንቋ የላት፣ ሬሳው ሆስፒታል ተቀምጧል። እሁድ ጸሐፊው ተነሥቶ እድሩ ይቅበረው ሲል አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ፣ እኔም አወጣሁ። አባቴ ሰው ሁሉ እጁን እስኪያወርድ ጠበቀ። ከዚያ መዶሻውን አንዴ መታ።

"ቪቶ አድርጌዋለሁ" አለ።

ምክንያቱን የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሟቹ ሰውዬ፣ አባቴ አገር ቤት በታሰረበት ወህኒ ቤት ጠባቂ ነበር። የአባቴን ግራ እግር የሰበረው እሱ ነው። ሰውየው እዚህ ሲመጣ አባቴ ገና በር ላይ ለየው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ አልሰጠውም፣ ክፉም አልተናገረውም። ብርድ ሲሆን እግሩ ይብስበታል። ያ እሁድ ብርድ ነበር። አባቴ ጨካኝ አልነበረም፣ ይኼ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ግን ተነሣሁ። ያቺ ሴትዮ ባሏን ከማን ጋር ትቅበር?

"አባዬ፣ በደንቡ መሠረት ሁለት ሦስተኛ ካገኘ ቪቶው ይሻራል። ድምፅ ይሰጥ" አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ቁጭ በይ ልጄ አለኝ። አልተቀመጥኩም። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። "ትክክል ነች" አለ፣ "ድምፅ ይሰጥ።"

የአባቴ ስሕተት የታየኝ እዚያች ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ደንባቸውን ሲጽፉ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቁም። እሱ ደግሞ እንዳለ ገልብጦ ለእኛ ሰጠን። ቅድም እጁን ያወጣው ሰው ሁሉ፣ አሁን በዚያ እግር የሚያነክስ ታላቅ ሰው ፊት ለፊት፣ ዐይኑን እያየ እንዴት ያውጣ? አንዱ ጫማውን አየ። አንዱ ማሞቂያውን ለማስተካከል ሄደ። ጸሐፊው የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የወጣው የእኔ እጅ ብቻ ነበር። አላወረድኩትም። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት፣ አባቴንም ትክ ብዬ አየሁት፣ እሱም አየኝ። ቪቶው ጸንቷል ብሎ መታ። ትራሙ ላይ ተለያይተን ተቀመጥን።

እማዬ ያን ቀን የእሁድ ሺፍት ነበረባት፣ ሆስፒታል ታጸዳለች። ቤት ስትገባ ሁሉንም ነገርኳት። ካፖርቷን እያወለቀች ሰማችኝ፤ አባቴ ሳሎን ተቀምጧል፣ እሱም ይሰማል። ስጨርስ ወደ እሱ ዞረች።

"ደንቡ አዳራሹ ውስጥ ነው" አለችው። "እዚህ ቤት ፕሬዚዳንት የለም።"

በማግስቱ አባቴ ሥራ እንደ ሄደ ሶፋውን እኔና እሷ ጎትተን ጓሮ አወጣነው። ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋን፣ ጋቢ ደረብንበት። ሄዳ ሴትዮዋን ከነሕፃኗ አምጥታ እዚያ ላይ አስቀመጠቻት። ቴሌቪዥኑ ላይ የሟቹ ፎቶ ቆመ። ስልክ ተደወለ። ከዚያ በኋላማ በሩ አልተዘጋም፤ ያ ሁሉ አንገቱን የደፋ ሰው ድስት ተሸክሞ፣ ዳቦ ይዞ፣ ለስላሳ በሳጥን ይዞ፣ ለቀብሩም ከየኪሱ እያዋጣ አንድ በአንድ ገባ። ጸሐፊውም መጣ። እጃቸውን ለማውጣት ያፈሩ ሰዎች በእግራቸው መምጣት አላሳፈራቸውም። እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር ሻይ ስሰጣቸው እንኳ ፊት አልሰጠኋቸውም።

አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ መጣ። ደረጃው ጫማ በጫማ ሆኗል። የምሳ ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ እየጠበቅሁት ነበር፤ ቃላቴን አዘጋጅቻለሁ፣ ቢጮህ እጮኻለሁ፣ ቢያስወጣቸው አብሬ እወጣለሁ። ሳሎን ያለው ሰው በሙሉ ከመሬት ብድግ አለለት። ሴትዮዋ ብቻ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አድርጋ ሕፃኑን ታቅፋ ቀረች፤ በሱ ቤት መሆኗንም፣ ሰውየው ማን እንደሆነም ታውቃለች። ትራሙ አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

አባቴ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሲወጣ የፋብሪካውን ልብስ ቀይሮ ጥቁር ኮት ለብሷል። ወደ ፎቶው አላየም። ሴትዮዋ ፊት ጎንበስ ብሎ "እግዜር ያጥናሽ" አላትና ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ግራ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ። አልታጠፍ ብሎት ነው። ያዘጋጀሁትን ቃል ትቼ ሻይ ቀዳሁለት።

ረቡዕ ቀብሩ ላይ የሳጥኑን የፊት እጀታ ያዘ። ተው እናንሳ ሲሉት አልሰማም። ዝናቡ ያካፋል፣ ሣሩ ያንሸራትታል፣ እኔ ከኋላ ነኝ። አባቴ በተራመደ ቁጥር ሳጥኑ በእሱ በኩል ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀና ይላል። እስከ ጉድጓዱ ድረስ እንደዚያው። ያ ሰው በሰበረው እግር ተሸክሞ ወሰደው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አልቻልኩም፣ ጠየቅሁት። ይቅር አልከው ማለት ነው አልኩት።

"አላልኩም" አለኝ፣ መስኮቱን እያየ። "ይቅርታ ሥልጣን ነው፤ አልተጠቀምኩበትም። መቅበር ግዴታ ነው።"

በሚቀጥለው እሁድ ቪቶው ከደንቡ ይውጣ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ራሱ ነው፤ መጀመሪያ እጁን ያወጣውም እሱ። ዳኛ በሉኝ አለ። መዶሻው ወደ ኩሽና ተመለሰ፣ እማዬም ጥብሷን እንደ ድሮዋ መቀጥቀጥ ጀመረች።

እማዬ ቀድማ ሄዳለች፤ አባቴም ዘንድሮ ሞተ። ለለቅሶው ሶፋ ሳወጣ ቀድማ ደርሳ በሌላኛው ጫፍ የያዘችልኝ ያቺ ሴትዮ ናት፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ስለዚያ ነገር አላወራንም። ይቅርታውን ሳይሰጥ ይዞት ሄደ፣ መብቱ ነው። እኔም ብትጠይቁኝ ያንን እጅ ዛሬም አወጣዋለሁ፣ እሱ ፊት፣ ብቻዬን።

መዶሻውን ክሬጊበርን ቤቴ ይዤው መጥቻለሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጠብቄ ጠረጴዛውን አንዴ በለስላሳው መታሁት። ድምፅ ይሰጥ አልኩ። ትክክል ነች የሚለኝ ሰው የለም።