የበጋ ካርታ

እኛ ካርታ ቤት የምንሠራ ሰዎች አገሩን እናውቀዋለን ብለን ደረታችንን ነፍተን ኖርን። የምናውቀው ግን በበጋ ብቻ ነበር። ማንም እንዲነግረን አያስፈልግም ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር መኪኖቻችን ግቢ ውስጥ ተደርድረው ሲቆሙ በዓይናችን እናያለን። አይተን ግን አላሰብንም። ደሞዝ የሚከፈለን ለማሰብ አልነበረማ።

ይህን የምጽፈው ስለ ጋሽ ሜትሩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀያሽ ሆኖ ሠርቷል። «ሜትሩ» ያልነው እኛው ነን፤ የማይለካው ነገር አልነበረምና። የቢሮውን በር ስፋት፣ ከቤቱ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ያለውን እርምጃ፣ የኃላፊው ጠረጴዛ ከእኛ ጠረጴዛ በስንት ጣት እንደሚበልጥ ያውቃል። ልጁን ያገባው ሰው መጀመሪያ ቤታቸው ሲመጣ፣ ገና ወንበር ሳይስብ «አንድ ሜትር ከሰባ አራት» አለው አሉ። ሰውየውም ደንግጦ ጫማውን አወለቀና «አንድ ከሰባ ሁለት ነኝ፣ ሁለቱ የጫማው ነው» ብሎ አመነ።

ሥራ ክፍሉ ውስጥ ከሥሩ መብራት የሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ አለ። ብዕሮቹ ከቀጭን ወደ ወፍራም ተራ ገብተው ይተኛሉ። የሻይ ብርጭቆ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሳረፈ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ አያገኝም። እኔ ከሥር፣ ምድር ቤት፣ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የምይዘው ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ የቀረውን የተማርኩት ቀያሾች ከመስክ የሚያመጧቸውን ደብተሮች እያነበብኩ ነው። ስለዚህ የምናገረውን አውቃለሁ፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው።

አገሩ ትልቅ ነው። መሐሉ ከፍ ብሎ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ሕዝቡም፣ ቢሮውም፣ ፋብሪካውም፣ ወሬውም እዚያ ተከማችቷል። ከጠርዙ ስትወርድ ሙቀት ይቀበልሃል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ብትነዳ የማያልቅ ሜዳ ነው። ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ አፈራችንን አዝሎ በአንድ ወንዝ ይወርድና ሜዳው ላይ ይተኛል። እኛ እላይ ሆነን አፈራችን አለቀ እያልን ስናማርር፣ ሜዳው በዚያው አፈር ሣር ያበቅላል፤ በሣሩ ከብት ይረባል፤ ከብቱ ሥጋና ቆዳ ሆኖ ወደ እኛ ይመለሳል። ሥጋውን በላን፣ ቆዳውን ተጫማን። ከየት መጣ ብለን ግን አልጠየቅንም።

የሜዳው ሰዎች ክረምት ሣሩ ሲበቅል ሜዳው ላይ ይሰፍራሉ። በጋ ሲገባ ጣሪያቸውን፣ ሰሌን ነውና፣ ጠቅልለው በእንስሳ ጭነው ወንዙ ወዳለበት ይወርዳሉ። ከቤታቸው የሚቀረው ጣሪያው ያረፈበት የድንጋይ ክብ ብቻ ነው። እኛስ? የሜዳው ጥቁር ጭቃ በክረምት መኪና ይውጣል። ስለዚህ ጭቃው ሲደርቅ እንወርዳለን፣ ደመና ሲታይ እንሸሻለን። ይህን ደንብ የጻፈው ሰው የለም፤ ያወጣው የመኪናው ጎማ ነው። እነሱ ሲሄዱ እንመጣለን፣ እነሱ ሲመጡ እንሄዳለን። አንድ አልጋ በፈረቃ እንደሚተኙ ሁለት ዘበኞች ሳንተያይ ዕድሜ ፈጀን። ከዚያ ቁጭ ብለን አልጋው ባዶ ነው ብለን ጻፍን።

የዚህን ሜዳ ካርታ፣ ሉህ አርባ ሦስትን፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያነሣው ጋሽ ሜትሩ ነው። የካርታ ምልክቶቻችን ዝርዝር ላይ ጣሪያ ያለው ቤት አለ፣ የፈረሰ ቤት አለ፤ ባለቤቱ የሚመለስበት ቤት ግን የለም። ስለዚህ ሜዳውን ነጭ ተወውና መሐሉ ላይ በዚያ በሚያምር እጁ «ሰው የማይኖርበት» ብሎ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ አንድ የጥጥ እርሻ ያንን ሉህ ዘርግቶ መሬት ጠየቀ፣ ተሰጠው። የወንዙ ዳር በአፈር ተገደበ። ጎርፉ ሜዳው ላይ መተኛቱን ተወ፤ ሣሩ በሄደበት ቦታ ሁሉ እሾህ በቀለ። ከብቱ ቀጠነ፣ ሥጋው ተወደደ፣ እኛም እላይ ሆነን ምን ነካው ብለን ተገረምን።

ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ወደ ቢሯችን መጣች። ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርቆባታል።

«ካርታ የሚሠራው የቱ ነው?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«ሁላችንም ነን» አልኳት።

«ሁላችሁም ከሆናችሁማ የሚጠየቅ የለም ማለት ነው።»

የሜዳው አዋላጅ ነበረች። ከፌስታል ውስጥ ደብዳቤ አወጣች። እርሻው ሊሰፋ ነው፤ የክረምት ሰፈራቸው፣ ጉድጓዳቸውና መቃብራቸው ሊታረስ ነው። የመሬት ኮሚቴው ሐሙስ ጠርዙ ላይ ባለችው ከተማ ይሰበሰባል። ካርታው ሲነሣ ሰው ይኖር እንደነበረ የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ ከመጣ ማረሱ ይቀራል፤ ካልመጣ ሰኞ ትራክተር ይገባል።

ጋሽ ሜትሩ ሉህ አርባ ሦስትን ዘረጋላት።

«ወንዙ ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ዝናቡስ የታለ?»

«ዝናብ ካርታ ላይ አይደረግም፣ እናቴ።»

«የመኪና መንገዱን አድርጋችሁት የለ እንዴ። መኪናው ከዝናቡ በልጦ ነው?» ጣቷን ወደ መሐል አመጣች። «ይሄ ነጩ ምንድን ነው? የተጻፈበትን አንብብልኝ።»

እሱ አላነበበም። እኔ አነበብኩላት።

«ሦስት ልጅ የወለድኩት እዚህ ነው» አለች፣ ጣቷን ከነጩ ሳታነሣ። «የሰው ልጅማ ስንት እንዳዋለድኩ እንጃ። ሰው ከሌለ ማን ነው ሲያምጥ የነበረው?»

«ምናልባት በመጣንበት ጊዜ እናንተ አልነበራችሁም ይሆናል» አለ ጋሽ ሜትሩ፣ ዓመቱንም ነገራት።

በጣቶቿ ወደ ኋላ ቆጠረች። «አወቅሁት። ጉድጓዳችን የተበላሸበት በጋ ነው።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። ሲሄዱ ሁልጊዜ ጉድጓዱን በእሾህና በድንጋይ ይከድናሉ። ያን ዓመት ሲመለሱ ተከፍቶ አገኙት፤ ጅብ ገብቶ ሞቶ ሸትቷል። ያደረጉት ከኮረብታው ማዶ ያሉት ናቸው ተባለ፤ በሣር ተጣልተው ነበርና። «ወንድሜ ሊጠይቃቸው ሄደ፣ አልተመለሰም። እነሱም የዚያኑ ቀን አንድ ልጅ ቀበሩ። እስከ ዛሬ እኛ አልነካንም ብለው ይምላሉ። ማን ያምናቸዋል?»

ጋሽ ሜትሩ የተቀረጸ እርሳስ አንሥቶ እንደገና ቀረጸው። እንደገናም ቀረጸው። «ነገ ይምጡ» አለ።

ኃላፊያችን ነገሩን ሰምቶ ከሰዓት በኋላ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ በዕለቱ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«በቃ። ካርታ ማለት ፎቶ ነው። ሁለት ወር ለቀረህ ጡረታ ምን ራስህን ታንገላታለህ?»

እኔ በዚያ ሰዓት የማውቀውን አውቅ ነበር። ያን የመስክ ደብተር ካነበብኩት አሥር ዓመት አልፎታል። እንዲህ ይላል፤ «የድንጋይ ክብ አሥራ አራት። አመድ። መቃብር ከአርባ በላይ፤ ሦስቱ አዲስ። ጉድጓድ አንድ፣ በእሾህና በድንጋይ የተከደነ። ከፍተን ቀዳን። ውሃው ጣፋጭ ነው፤ መኪናውም ታጠበ። ደመና ስለታየ ሳንከድን ተነሣን። ሰው የለም።» መጀመሪያ ሳነበው የመኪናው እጥበት ላይ ስደርስ ስቄአለሁ። ጉድጓዱን የከደነው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ለእኔም አልመጣልኝም። አሥራ አራት ቤት፣ አርባ መቃብር ተጽፎ «ሰው የለም» የሚል ቃል ሲከተለው፣ ሁለት ጊዜ ማንበብ ያቃተው ዓይን ምን ዓይነት ዓይን ነው? የእኔ ዓይነት ነው።

በማግስቱ ጋሽ ሜትሩን ከእኔ ቀድሞ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ደብተሩን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ።

«አንተ አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አንተስ የጻፍከው?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ላይኛው ይበቃታል» አለ። «ክቡና መቃብሩ። ማስረጃ የሚሆናት እሱ ነው።»

«የጉድጓዱስ?»

«እሱ ምን ይረባታል? የሞተ ያስነሣል?»

ነጭ ወረቀት በማስመሪያ ለክቶ ቆረጠ፤ ከጉድጓዱ እስከ «ሰው የለም» ያለውን መስመር ልክክ አድርጎ የሚሸፍን፤ የቀጣዩን ቀን ጽሑፍ ሳይነካ። ነውሩንም በሚሊሜትር ለካው። እኔስ ምን አደረግሁ? እሺ አልኩ። የኮፒ ማሽኑን ክዳን የዘጋሁት፣ ማኅተሙን የመታሁት በዚህ በምጽፍበት እጅ ነው።

አራት ሰዓት ላይ መጣች። ኮፒውን አነበብኩላት። «ሦስቱ አዲስ» ስል ራሷን ነቀነቀች። «ሁለቱ መንትዮች ናቸው፤ እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው፣ እኔው ነኝ የቀበርኳቸው። አንዷ አክስቴ ነች።» ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ፊደል አትለይም፤ ግን ዓይኗ ስል ነው።

«ከላይ ተጽፏል፣ ከታች ተጽፏል። መሐሉ ለምን ነጭ ሆነ?»

«ማሽኑ ነው» አልኩ።

ወደ ጋሽ ሜትሩ ዞረች እንጂ እኔን አላየችኝም። «ወንድሜ፣ እናንተ ነጭ የምታደርጉት ሰው ያለበትን ነው። እዚህስ ማን አለ?»

ሰውየው ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። «ደብተሩን አምጣው» አለኝ። ራሱ አነበበላት፤ በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ጽሑፍ። «መኪናውም ታጠበ» ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጨርስ» አለችው።

ጨረሰ። አላለቀሰችም፣ አልረገመችም።

«መኪናው ቀለሙ ምን ነበር?»

«አረንጓዴ።»

«ጸዳ?»

«ጸዳ» አለ ጋሽ ሜትሩ። ዓይኑን የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ተከለ። መብራቱ ከሥር ፊቱን ያበራዋል፤ ሊደበቅበት የሚችል ጥላ እንኳ አልነበረውም።

«ያቺ ከኮረብታው ማዶ ልጇን የቀበረች ሴት በየበጋው ወንዝ ላይ ታገኘኛለች» አለች ሴትዮዋ። «ሃያ ሁለት ዓመት ስቀዳ ፊቴን አዞርኩባት። እውነቷን ነበር።» ፌስታሏን አነሣች። «ደብተሩ ለኮሚቴው ይሁን። የጉድጓዱን ነገር ግን አንተ ራስህ መጥተህ ትናገራለህ። ለእኛም፣ ለእነሱም።»

«ክረምት ነው እኮ፣ መኪና አይገባም» አለ። ክፋት አይመስለኝም፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ነው ከአፉ የወጣው።

«እኔ በምን የመጣሁ መሰለህ?»

ኃላፊው ደብተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፣ ከግቢ አይወጣም አለ። ጋሽ ሜትሩ መዝገቤ ላይ ፈርሞ የራሱን ደብተር በሸሚዙ ውስጥ ይዞ ወጣ። «አንተም ና» ብሎኝ ነበር። ቁልፉን ማን ይይዛል አልኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ፤ እግሩ ቆስሎ፣ ጫማውን በገመድ አስሮ። ኮሚቴው ደብተሩን ተቀብሏል። ሰፈራው፣ ጉድጓዱና መቃብሩ ከማረሻ ተርፈዋል። የግጦሹ ሜዳ ግን ለእርሻው ቀረ። መሞቻው ተተወላቸው፣ መኖሪያው ተወሰደ፤ ለዚህም አመስግኑ ተባሉ።

ከዚያ በእግሩ ወርዶ የጉድጓዱን ነገር በሁለቱ ሰፈር ፊት ተናገረ። ከኮረብታው ማዶ ያለችው አሮጊት እስኪጨርስ ሰማችውና «ታዲያ አሁን ልጄን ማን ያመጣዋል?» አለችው። አዋላጇ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን ያህል ተቀራርበው ነው የተቀመጡት?» አልኩት፤ ከእሱ ጋር ስኖር የለመድኩት ጥያቄ ነውና።

«አልለካሁም» አለኝ።

ጡረታ ሲወጣ ሉሁ ይታረም የሚል ማመልከቻ ትቶ ሄደ። ኃላፊው በሚቀጥለው ሕትመት ይታያል አለ። የሚቀጥለው ሕትመት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እስከዚያው ሉህ አርባ ሦስት እንደነጣ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጥታ አንድ ቅጂ ወሰደች።

ከመስጠቴ በፊት በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ አሥራ አራቱን ክብ በእጄ አደርጋለሁ፤ ጉድጓዱንም። ኃላፊው አንድ ቀን አይቶኝ «ሕትመት ታበላሻለህ» አለኝና አለፈ። በእርሳስ ነው የማደርገው። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ላጲስ አለኝ። በእስክሪብቶ ለማድረግ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።