ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው ጥቁር ፕላስተር

«ፕላስተሩን ማን አነሳው?»

ጋሽ ተሾመ ዛሬ ጠዋት ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ የጠየቁኝ ይህን ነው። የአባዬ መካኒክ ናቸው፤ ካዛንችስ ሲፈርስ ጋራዣቸውን ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር አዛወሩ።

አባዬ ካረፈ ወዲህ አሮጌ መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳጥባት ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር አገኘሁና ላጥኩት። ለካ ከሥሩ የኢንጂን ማስጠንቀቂያ መብራት በርቷል።

ሁለት ጋራዥ በኮምፒውተር አጠፉልኝ፤ በማግስቱ ተመልሶ ይበራል። (አንደኛው መካኒክማ «ጠበል ውሰጃት» ብሎኛል።)

«ከበራ አራት ዓመቱ እኮ ነው» አሉኝ ጋሽ ተሾመ ሞተሩን ካዩ በኋላ። «ያኔ የተበላሸው አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። እንቀይረው ስለው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ቆይ ይደርሳል፤ ብቻ ልጄ እንዳታየው ሸፍንልኝ፣ ትጨነቅብኛለች› አለኝ። አሁን ግን ብልሽቱ ሌላውንም የሞተር ክፍል ይዞት ሄዷል።»



አባዬ ሳሉንም እኮ እንደዚሁ ነው የሸፈነብን። «ብርድ ነው» እያለ ከረመ። በቃ፣ ሐኪም ጋ ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

መኪናዋን እዚያው ትቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያ የሚያምሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ ብርድ ነው።»

«ልብስሽን ልበሺና ጠብቂኝ፣ መጣሁ» አልኳት።

ይኸው ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን ነው የምጽፍላችሁ። አጠገቤ ተቀምጣ አኩርፋኛለች፤ ታኩርፍ።

እናንተስ ቤት «ብርድ ነው» የሚለው ማን ነው?