በሐዘን ቤት የታየ የጭፈራ ፊልም

ወንድሜ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የተጣለውን ነጠላ አንስቼ ፊልም ከፈትኩ። እንጅባራ፣ እኛ ሰፈር፣ የሐዘን ቤት ቴሌቪዥን እስከ አርባው ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል። አውቃለሁ። ረስቼ አይደለም የከፈትኩት።

የድሮ የአሜሪካ ፊልም ነው። ሰዎቹ እያወሩ ድንገት ይዘፍናሉ፣ እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ሲውል በስልኩ ያየው፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ከፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ይከፍተው ነበር። ጫማው እንደ ፊልሙ ጨፋሪዎች እንዲጮህለት ሶሉ ላይ ቆርኪ ቸንክሮ የበረንዳውን ሲሚንቶ ያንኳኳ ነበር። ጎረቤት “ዛሬም ፈረሱ ገባ?” ይል ነበር።

መጥፎ ጎኑን አልደብቅም። ታሪኩ ቀጭን ነው። ሰውየውና ሴትየዋ ጠዋት ተጣልተው ማታ ይጋባሉ። ሥራ የሚሠራ ሰው የለም። ጥቁር ሰው የሚታየው ሻንጣ ሲሸከም ብቻ ነው፤ ስም እንኳ አልሰጡትም። ይሄ ያናድደኛል፣ ወንድሜንም ያናድደው ነበር። ጭፈራውንም ቢሆን “እግራቸው ይናገራል፣ ትከሻቸው ግን ሞቷል” ይል ነበር። ግን... እንዴት ልበለው። ሰውየው ወለሉን ሲመታ ድካም የሚባል ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስልም። ወንድሜ በሕመሙ መጨረሻ ከአልጋ መነሳት አቅቶት እንኳ ፊልሙ ሲከፈትለት ብርድ ልብሱ በእግሩ በኩል ይንቀሳቀስ ነበር። ጣቶቹ ናቸው።

ከጥሊሊ ለሐዘኑ የመጡት አክስቴ ከጓሮ ገቡ።

“አንተ! አፈሩ ሳይደርቅ ጭፈራ?”

“እሱ የሚወደው ፊልም ነው፣ አክስቴ።”

“እሱማ ጥብስም ይወድ ነበር። ዓርብ ዓርብ ትበላለታለህ?”

በረንዳ ላይ የተቀመጡት ጎረቤታችን ሳያስቡት ሳቁ። ቶሎ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

“ፍላሹን አምጣ” አሉ አክስቴ። “ይጥፋና የአርባው መዝሙር ይጫንበት።”

የወንድሜ ስልክ ከተበላሸ ቆይቷል። ፊልሙ ያለን እዚያ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ከጠፋ ጠፋ።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ለቅሶው ላይ ይጋልባሉ። ለወንድሜም መጥተው ነበር።

“የቀብሩ ዕለት ፈረሶቹ ሜዳውን ሲደበድቡት ‘ለቅሶው ደመቀለት’ ብለው አልነበር?” አልኳቸው።

“ፈረስ ወግ ነው!”

“ይሄም...” አልኩ። “ይሄም የእሱ ነው። አልሰጥም።”

አክስቴ አባቴን ሊጠሩ ወጡ። ድምፁን አልቀነስኩም። የመጨረሻው ጭፈራ ከልክ በላይ ይረዝማል፤ ወንድሜ እንኳ ይዘለው ነበር። እኔ አንዱንም ሳልዘል አየሁት። ሲያልቅ አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

“ለመዝሙሩ ሌላ ፈልጉ” አልኩ።